መገናኛ ላለው ኮምፒውተር ገጣጣሚ ምስጋና፣ ማዘርቦርድ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ አንድ ሰው ማመስገን እፈልጋለሁ። መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር የሚገጣጥምና የሚጠግን ወጣት ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልኩን እሰጣችኋለሁ። እሱንም አስፈቅጄዋለሁ።

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ወንድሜ ከዱባይ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ልኮልኛል፣ ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ደግሞ ከድሮው ኮምፒውተሬ ነበረኝ። የቀረኝ ማዘርቦርድ ነው፣ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ። የጠየቅኳቸው ሱቆች ሁሉ "ይሄ ይሻልሻል" ይላሉ፣ ለምን እንደሚሻል የሚያስረዳ ግን የለም። ይሄ ልጅ ዋጋ ሳይጠራ በፊት "ምን ልትሠሪበት ነው? እጅሽ ላይ ምን ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ቢ650፣ ኤ520 እና ቢ550 የሚባሉ ሦስት ቦርዶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። ቢ650ን ወዲያው ገለል አደረገው፣ ካሉት ሁሉ ውዱ እሱ ሆኖ ሳለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣው ኤኤም5 ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ስለሆነ የእኔ የኤኤም4 ፕሮሰሰር አይገባበትም፣ ራሙም ዲዲአር5 ብቻ ነው። "አዲስ ነው ብለሽ ከወሰድሽው ፕሮሰሰሩንም ራሙንም እንደገና ልትገዢ ነው" አለኝ።

ኤ520ው ርካሽ ነው፣ ለቢሮ ሥራም ይበቃል። ግን ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያደርሰውን ክፍል፣ ቪአርኤም የሚሉትን፣ በጣቱ አሳየኝ። ኤ520ው ላይ ይሄ ክፍል ማቀዝቀዣ ብረት የለውም። ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ (ኤዲት የተደረገው ወደ መጨረሻው ፋይል ሲቀየር) ፕሮሰሰሩ ለረጅም ሰዓት ሙሉ ጉልበቱን ስለሚጠቀም ይሄ ክፍል ይግላል፣ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የራም ማስገቢያውም ሁለት ብቻ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ብል ቦታ የለም።

የወሰድኩት ቢ550ውን ነው። ቪአርኤሙ ማቀዝቀዣ አለው፣ የራም ማስገቢያው አራት ነው፣ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) የሚገባባቸው ሁለት ኤም.2 የሚባሉ ቦታዎችም አሉት። እነሱም እኩል አይደሉም፤ ፒሲአይኢ በሚባለው የመረጃ መስመር፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ፈጣኑ 4.0 ሲሆን ሌላው 3.0 ነው። ስለዚህ ፈጣኑን ኤስኤስዲ የት ማስገባት እንዳለብኝ ነገረኝ። ዋይፋይ ያለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል፣ ራውተሬ አጠገቤ መሆኑን ሲሰማ "ኬብል ይበቃሻል፣ ብርሽን አታውጪ" አለኝ። ሻጭ ሆኖ እንዲህ የሚል ስንት አለ?

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን ጥንቃቄውን ነው። ቢ550 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ነው፣ የእኔ ፕሮሰሰር ያለበት ራይዘን 5000 ተከታታይ የመጣው ከዚያ በኋላ። መጋዘን ውስጥ የቆየ ቦርድ ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ደግሞ ቦርዱ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል፣ መብራታችንን ታውቁታላችሁ። እሱ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ፣ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ በፍላሽ አውርዶ፣ እስኪያልቅ ከአጠገቡ ሳይነሳ አደሰልኝ። ከዚያ ገጣጥሞ፣ ከራሴ ፕሮጀክት አንዱን ሬንደር አድርጎ ሙቀቱን እያሳየኝ ነው ያስረከበኝ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀቱንም ሳልጠይቅ ሰጠኝ።

ወደ እሱ ስትሄዱ የፕሮሰሰራችሁን ሙሉ ስም ጽፋችሁ ያዙ፣ ራማችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት ሰው ስለሚበዛበት ጠዋት ይሻላል። ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው፣ እጅህ ይባረክ!