ለቤት መኪና ንፋስ መሙያ ስትገዙ፦ እኔ ባለገመዱን ነው የምመርጠው

መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ጎማው ቢተነፍስ ሁለት ቅያስ ሳይሄድ ጎሚስታ ያገኛል። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ላለነው ግን እንደዚያ አይደለም። ጎሚስታው አርፍዶ ይከፍታል፣ በጊዜ ይዘጋል። መብራት ከጠፋ ኮምፕሬሰሩም አብሮ ይቆማል። መንገዱ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ድንጋይ ነው። ግንባታ በማያልቅበት ሰፈር ደግሞ ሚስማርና የፌሮ ቁራጭ ከመሬት አይጠፋም። ማታ ደህና የነበረ ጎማ፣ ጠዋት ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው መኪናው አጠገብ ሲቆሙ፣ ቸርኬው መሬት ሊነካ ደርሶ ይገኛል። ስለዚህ ንፋስ መሙያ ከክሪኩ ጎን ሁልጊዜ መኖር አለበት። ጥያቄው የትኛው የሚለው ነው።

ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ መኪናው ውስጥ ባለው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ተሰክቶ በ12 ቮልት የሚሠራው ባለገመድ ነው። ሌላው እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው፣ በእጅ የሚያዘው ትንሹ ነው። ሁለቱንም ተጠቅሜባቸዋለሁ። ለቤት መኪና ከሆነ ያለማወላወል ባለገመዱን ነው የምመክረው።

ቻርጅ የሚደረገው ያምራል፣ አይካድም። ቀላል ነው፣ ገመድ መጎተት የለበትም፣ የምትፈልጉትን ቁጥር ስትሰጡት እዚያ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። ችግሩ ንፋስ መሙያ በየቀኑ የምንነካው ዕቃ አለመሆኑ ነው። ወራት መኪና ውስጥ ይቀመጣል። የፈለጋችሁት ቀን ባትሪው ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ያ ቀን ደግሞ መብራት የጠፋበት ቀን ከሆነ አለቀ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መክረሙም የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ሁለት ሦስት ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት ቁጥር) ለመጨመር ጎበዝ ነው፣ ሙሉ በሙሉ የተኛ ጎማ ሲሆን ግን ትንሹ ፒስተን በጣም ይለፋል፣ አካሉም ይግላል። ባለገመዱ የመኪናው ባትሪ እስካለ ድረስ ኃይል አለው፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ከሠራችሁ ባትሪውንም አትጎዱትም። ይሄን ስትሠሩ መኪናው ደጅ ይሁን፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መቆም ለሕይወት ያሰጋል።

አሁን ካርቶኑ ላይ ወዳለው ጽሑፍ እንምጣ። በትልቁ የሚጻፈው «150 ፒ.ኤስ.አይ» ነው። ሻጩም እሱን ነው የሚያሳያችሁ። ለእኛ ምንም አይረባንም። የቤት መኪና ጎማ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ነው። ማየት ያለባችሁ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚገፋ ነው። ይሄ ቁጥር ጭራሽ ካልተጻፈ ዕቃውን በእጃችሁ መዝኑት። የብረት ሲሊንደር ያለው ከበድ ይላል። እንደ አሻንጉሊት ከቀለለ ውስጡ ፕላስቲክ ነው፣ ብዙ አይቆይም። ለማረፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግም አንብቡ። አንዳንዱ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ካልቀዘቀዘ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታማ ከዚያም ከፍ ይላል። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማሽኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ «በአምስት ደቂቃ ይሞላል» ካለ እኛ ጋ ከዚያ ይበልጣል፣ የመጋሉም ነገር ይጨምራል። ለዚህ ነው አቅሙ ለጥቂት የሚበቃውን ሳይሆን ትርፍ ያለውን ግዙ የምለው።

ያ ማለት ግን ያገኛችሁትን ትልቁን ማንሳት አይደለም። የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ በብዙ መኪና 10 ወይም 15 አምፔር ነው። ማሽኑ ከዚያ በላይ ከሳበ ፊውዙ ይቃጠላል። ትልልቆቹ፣ ለላንድክሩዘርና ለፒካፕ የሚሆኑት፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ በመቆንጠጫ የሚያያዙት ለዚህ ነው። ለኮሮላ፣ ለቪትዝ፣ ለዲዛየር ሶኬት ላይ የሚሰካው ይበቃል። ገመዱን ግን ለኩት። ከዳሽቦርዱ ተነስቶ የኋላ ጎማ ድረስ መድረስ አለበት፣ ሦስት ሜትር ከሌለው እርሱት።

ከሁሉ በላይ የማየው ጫፉን ነው፣ ቫልቩን የሚይዘውን። ሲጫኑት ምላሱ ወድቆ የሚይዝ አለ፣ እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባም አለ። የሚዞረው አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ሥራው ሲያልቅ ነሐሱ ጣት ያቃጥላል፣ ስትፈቱት ደግሞ «ጽስስስ» እያለ የሞላችሁትን ይመልሳል። ምላስ ያለው አንዴ ቀና ሲያደርጉት ይለቃል። እኔ ምላስ ያለውን እመርጣለሁ፣ ነገር ግን ላላ ያለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ አስቀይሩ።

ሱቅ ውስጥ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። መርካቶ ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ሻጩ ባትሪ አምጥቶ እንዲያስነሳላችሁ ጠይቁ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። በቴሌግራም የሚገዛም ሰው ዕቃው ሲመጣለት አድራሹን አቁሞ እዚያው መኪናው ላይ ይሞክር። ጌጁ (የንፋስ መለኪያው) ምንም ሳይያያዝ ዜሮ ማሳየት አለበት። እየሠራ ሳለ የሚያሳየው ቁጥር ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ ይላል፣ አጥፍታችሁ ነው ማንበብ ያለባችሁ። በኋላ ሰፈራችሁ ያለው ጎሚስታ ጌጅ ላይ አስለኩና አወዳድሩ። ልዩነቱን ካወቃችሁት ጌጁ ትንሽ ቢያዛባም ችግር የለውም።

ስንት ልሙላ ለሚል፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ጣሪያው ነው፣ የመኪናችሁ ልክ አይደለም። ትክክለኛው በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ቪትዞች ላይ ግን ወረቀቱ በቀኝ በኩል፣ በጃፓንኛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ ፈልጉ፦ 220 ኪሎ ፓስካል ማለት 32 ፒ.ኤስ.አይ ነው። ደግሞም ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚለካው። በአዳማ የፍጥነት መንገድ የምትወጡ ከሆነ ይሄን አትዝለሉ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ መፈንዳትም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ንፋስ መሙያ የማይችለውም አለ። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይሞላም። ቱብለስ (ካላማዳሪ የሌለው) ጎማ ከቸርኬው ከተላቀቀ በዚህ ትንሽ ማሽን አይመለስም፣ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ያስፈልገዋል። ሚስማር የወጋውን ሚስማሩን ሳትነቅሉ ሞልታችሁ ቀስ ብላችሁ ጎሚስታ ቤት ድረሱበት። ነገ እሠራዋለሁ እያላችሁ በየቀኑ እየሞላችሁ አትንዱ።

ኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ሰዎች ደግሞ ይሄን ዕቃ ከሁላችንም በላይ ይፈልጉታል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ሰፈራችን ውስጥ እየበዙ ነው። ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማ የላቸውም፣ ክብደታቸውም ስለሚበልጥ የሚፈልጉት ንፋስ ከፍ ይላል። አንዳንዶቹ ከፋብሪካ የራሳቸው መሙያ ይዘው ይመጣሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ወለል ገልጣችሁ እዩ።

ቻርጅ የሚደረገውን ጭራሽ አትግዙ አላልኩም። የልጆች ሳይክልና ኳስ ላለበት ቤት፣ ለሞተር ሳይክል፣ ለባጃጅ በጣም ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ አስቀምጡትና በየወሩ ቻርጁን እዩለት።