ቱርቦ ግዛ ያላሉኝ መካኒክ

ድሬዎች፣ እንዴት ናችሁ? ይሄን ጽሁፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። ዛሬ ከተማው በርጫ ላይ ነው፤ ደንበኛም የለም። ሱቄን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

መኪናዬ ሃይሉክስ ናት። ሦስት ሊትር፣ ባለ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው)፣ የናፍታ፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትት። ስራዬ ደግሞ የውሃ ፓምፕ መሸጥና መግጠም ነው። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ፓምፕና ቱቦ ጭኜ ደንገጎን እወጣለሁ፤ ለአዴሌ፣ ለሐረማያና ለአወዳይ ገበሬዎች። ስራዬን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ መሳቂያ የሚያደርገኝ እሱ ነው።

የድሬ ሰው ደንገጎን አይነገረውም። ለሌላው ግን ልንገር። ከከተማው እስከ መገንጠያው ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ጠመዝማዛ ነው፣ አይሱዙ አለ፣ ሲኖትራክ አለ፣ ፍየልም አለ። እዚያ መሀል ላይ መኪናዬ ድንገት ትታፈናለች። ነዳጅ ብረግጥ መልስ የለም። ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ጭራሽ አንደኛ ማርሽ። የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያንባርቃል። ዳር ይዤ አጠፋታለሁ። አስር ደቂቃ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና ሳስነሳት፣ ምንም እንዳልሆነች ሆና ትወጣለች።

በማግስቱ ምንም የለም። ሦስት ቀን ሰላም ነው። በአራተኛው ቀን ያው ድንጋይ ላይ ነኝ።

እንዲህ ያለ በሽታ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለው ያደረ ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንደሚጫወተው። አንደኛው ጋራዥ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ ቀየረልኝ። ሁለተኛው ኮምፒውተር ሰካና ፒ 0087 የሚል ኮድ አገኘ። ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሄደው ነዳጅ ግፊቱ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ፓምፑ ላይ ያለውን፣ የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠረውን ቫልቭ ቀየረ። ስምንት ቀን ሰላም ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ስጋ ሁሉ ገዝቼ ገባሁ። በዘጠነኛው ቀን ድንጋዬ ጠበቀኝ። ሦስተኛው ጋራዥ ቱርቦው ሞቷል፣ ኢንጀክተሮቹም አብረው ይቀየሩ አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እኔ ራሴ ታፈንኩ።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ኮዱ አልዋሸም። ግፊት አነሰ አለ እንጂ ለምን እንዳነሰ አልተናገረም። ያንን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ነው።

ለገሃሬ አካባቢ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ የላከኝ ጎረቤቴ፣ ባጃጅ ነጂው ነው። አባታቸው የድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሰራተኛ ነበሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ የዚህ ከተማ የእጅ ሙያ ከዚያ ግቢ ብዙ ተቀድቷል። የእኚህ ሰውም አመላቸው የወርክሾፕ ነው። መፍቻ ሳያነሱ ብዙ ይጠይቃሉ።

ኮፈኑን ልከፍት ስል «ተወው፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አሉኝ። ሻይ መጣ። ከዚያ ጥያቄ። ስትታፈን ጥቁር ጭስ ታወጣለች? አታወጣም። ሲሞቅ ነው ወይስ ጠዋትም? ሁለቱም ጊዜ። ባዶዋን ስትወጣ? አንድም ቀን የለም። ሜዳ ላይስ፣ ወደ ሽንሌ ስትሄድ? የለም። አጥፍተህ ወዲያው ብታስነሳት? አላውቅም፣ ሁሌም አስር ደቂቃ እቆያለሁ።

«ናፍታ ከየት ነው የምትቀዳው?»

እዚህ ላይ አቀረቀርኩ። ነዳጅ ሲጠፋ ሰልፍ መቆም ስላታከተኝ በጀሪካን የገዛሁባቸው ቀናት አሉ። ነገርኳቸው። ምንም አላሉም፤ ሻያቸውን ጠጡ።

ጭሱን ለምን እንደጠየቁ በኋላ አስረዱኝ። ቱርቦው ሰንፎ አየር ካነሰ፣ ነዳጁ ሳይቃጠል ስለሚተርፍ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ጭስ ይኖራል። ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ግን የራባት ነዳጅ ሊሆን ይችላል። «ይሄ ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» አሉ። ይህቺን አባባላቸውን ወደድኳት።

በማግስቱ ፓምፖቼን እንደ ልማዴ ጭነን አብረን ወጣን። ስካነሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁለት ቁጥር ብቻ ያያሉ። አንዱ የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚጠይቀው የነዳጅ ግፊት፣ ሌላው በትክክል ያለው። ሽቅብ ላይ ከ1,000 ባር በላይ ይጠየቃል፤ ሁለቱ ቁጥሮች እንደ መንታ አብረው መውጣት አለባቸው። ያን ቀን አብረው ወጡ። ምንም የለም። እኔ ተበሳጨሁ። እሳቸው «አቦ አብሽር፣ ነገም ተራራው እዚሁ ነው» ብለው የአወዳይ ጫታቸውን ገዝተው ተመለስን።

በሦስተኛው ጉዞ ያቺ መታጠፊያ ላይ መጣችልን። የተጠየቀው ቁጥር ከፍ እንዳለ ቀረ፣ በትክክል ያለው ግን ወረደ። የቱርቦው የአየር ግፊት ግን እስከዚያች ሰከንድ ድረስ ደህና ነበር። «ቱርቦህ ጤነኛ ነው፣ ገንዘብህን ኪስህ ክተት» አሉኝ። መንገድ ዳር ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ያደረጉትን ሌላ ጋራዥ አይቼው አላውቅም። አንድ ንጹህ ጀሪካን ናፍታ ሞልተው ከኋላ ጭነቱ ላይ ጥርቅም አድርገው አሰሩ። ከታንኩ የሚመጣውን መስመር ነቅለው፣ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ፊልትሮው ቱቦ ዘረጉ። ተራፊው ነዳጅ የሚመለስበትንም ወደ ጀሪካኑ አዞሩት። ያው ጭነት፣ ያው መንገድ። አንድ ጊዜ ብቻ ወጥተን ደህና ሆነች አላሉም። ቀን እየመረጠ የሚመጣ በሽታ አንድ ቀን ስለቀረ ድኗል አይባልም። ሦስት ቀን አወጡኝ። ሦስቱንም ቀን እንደ ሚዳቋ ወጣች።

እንግዲህ ጣጣው ከፊልትሮው በፊት ነው። ታንኩ ወረደ፣ ተከፈተ። ከውስጡ መዳፍ የምታክል ጥቁር የፌስታል ቁራጭ ወጣች።

ገባችሁ? ጀሪካን እንዳያፈስ ክዳኑ ስር ፌስታል ይደረጋል። ናፍታው ሲቀዳ እሷም አብራ ገብታለች። በእኔ መኪና ታንኩ ውስጥ ነዳጅ የሚገፋ ሌላ ፓምፕ የለም። ሞተሩ ጋ ያለው ፓምፕ ነው ከዚያ ድረስ የሚስበው። ሜዳ ላይ የሚሳበው ትንሽ ስለሆነ ፌስታሏ ታንኩ ስር ተኝታለች። ጭነትና ዳገት ሲመጣ ሳቡ ይበረታል፤ ሄዳ የመሳቢያው አፍ ላይ ትለጠፋለች። ሞተሩ ሲጠፋ ሳቡ ይቆማል፤ ትወድቃለች። ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩባቸው ደቂቃዎች ሁሉ እሷ እስክትወድቅ ነው።

እኔ ግን አላመንኩም። ፌስታል ይንሳፈፋል እንጂ እንዴት ታች ይተኛል አልኩ። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አመጡ። በአንዱ ውሃ፣ በአንዱ ናፍታ። ውሃው ላይ ተንሳፈፈች። ናፍታው ውስጥ ጠለቅ ሲያደርጓት ቀስ እያለች ሰመጠች። ናፍታ ከፌስታል ይቀላል። ይሄን በዚህ እድሜዬ ገና መስማቴ ነው።

አሁን ወደ መሳቂያው። ገበሬ ደውሎ «የሸጥክልኝ ፓምፕ ውሃ አልሰጥ አለ» ሲለኝ ምን እለዋለሁ? «ፓምፑን ተወው፣ መጀመሪያ ከጉድጓዱ ስር የመሳቢያውን አፍ እይ።» ከአስር ስምንቱ ቅጠል ወይ ፌስታል ነው። ስንቱን እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ! ይሄን ለጋሼ ብነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንተ ፓምፕ ስትሸጥ እንጂ ስትነዳ አታውቀውም ማለት ነው» አሉኝ።

የጠየቁኝ ሂሳብ፣ ታንክ ማውረዱንና ማጠቡን ጨምሮ፣ ያ በከንቱ ያስቀየርኩት ቫልቭ ከወሰደብኝ ያንስ ነበር። የሻዩን እንኳን እኔ እንድከፍል ለምኜ ነው።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ቀርፋፋ ናቸው። የእኔ ስራ ሳምንት አልፎታል። ስልክ አያነሱም። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ድረስ በርጫቸው ላይ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት የሄደ ሰው ወሬ እንጂ መፍቻ አያገኝም። አርብ ከሰዓት ጭራሽ አትሞክሩ። ለመንገድ የቸኮለ ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ። ሦስት ጋራዥ ያዞረው በሽታ ያለበት ግን እሳቸው ጋ ይሂድ።

ስትሄዱ ጥፋቱ መቼና የት እንደሚመጣ ጽፋችሁ ያዙ። ኮድ ካለ ፎቶ አንሱት፤ ባትሪ ከተነቀለ ሊጠፋ ይችላል። ነዳጅ በጀሪካን ገዝታችሁ ከሆነም አትደብቁ፣ መጨረሻ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ አደራ ብለውኛል። በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ስትደርሱ «የፌስታሉ ልጅ ነው የላከን» በሏቸው። ያውቁኛል።