ለጀነሬተራችሁ ካርቡራተር የቱ ይሻላል? ማፍሰስ፣ ማቆያ ፈሳሽ፣ ፊልትሮ ወይስ ስፕሬይ

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ አልነሳም የሚለው ብዙ ጊዜ ሞተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን ስለቆየበት ነው። ቤንዚን ሲቀመጥ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ ይሄዳል፤ የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሃደ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል። የድሬዳዋን ሙቀት ደግሞ ለናንተ አልነግራችሁም። የትናንሽ ሞተር አምራቹ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን እንኳ ቤንዚን ከ30 ቀን በላይ ከተቀመጠ ያረጃል ይላል።

የካርቡራተሩን ታች፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ኩባያ፣ ፈታችሁ እዩ። ቢጫና ቡኒ መሃል የሆነ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ታገኛላችሁ። ሽታው የቤንዚን አይደለም፤ የቆየ ቀለም ይሸታል። መሃል ላይ ያለችው፣ ቤንዚኑን መጥና የምታሳልፈው የናስ ጂግለር ቀዳዳዋ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትጠባለች። እሷን ለመድፈን ጥቂት ሙጫ ይበቃል። ሞተሩ በቾክ (አየሩን በሚቀንሰው መዝጊያ) ብቻ የሚሠራ፣ ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ።

እንግዲህ ምን ይገዛል? እኔ የማስቀድመው ምንም የማይገዛበትን መንገድ ነው። ሥራ ስትጨርሱ ሞተሩን በቁልፍ አታጥፉት። የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉና ራሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ተዉት። ይህም ቢሆን ኩባያው ሥር ትንሽ ይቀራል። ሞተሩ ሲበርድ፣ ውጭ ሆናችሁ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ የኩባያዋን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጉና በዕቃ ተቀበሉት። ሱቃችሁ ድሬዳዋ ከዚራም ይሁን ሳቢያን፣ ጀነሬተሩ መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። አዲስ የምትገዙም ከሆነ ከዋጋው በፊት ጎንበስ ብላችሁ ማፍሰሻ ብሎኑ በቀላሉ ይደረስበት እንደሆነ እዩ። የማይደረስበት ከሆነ ማንም አያፈሰውም።

ማቆያ ፈሳሽ የሚጠቅመው ታንኩን ሙሉ አድርጎ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። ስታቢል የሚባለው ለምሳሌ ቤንዚንን እስከ 24 ወር አቆያለሁ ይላል። እኔ በዚህ ሙቀት ያንን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አላምንበትም። ምክንያቱም ፈሳሹ ቤንዚኑ ከአየር ጋር እንዳይዋሃድ ያዘገያል እንጂ ትነትን አያስቆምም። የኩባያዋ ቤንዚን ደግሞ ከታንኩ ቀድሞ ይተናል። ስለዚህ ፈሳሹን ብትጨምሩም ኩባያዋን ማፍሰስ አይቀርም።

ሌላም አለ። የሚጨመረው ከማደያ አዲስ በተቀዳ ቤንዚን ላይ ነው። ያረጀውን አያድስም። ጨምራችሁ ደግሞ ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል አሠሩት፤ አለበለዚያ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ያው የድሮው ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የተሸጠ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ቤንዚን ላይ ከምትጨምሩት ገንዘባችሁን ያዙ።

ፊልትሮ ርካሽ ነው፤ ሻጩም «አቦ፣ ይቺን አድርግበት፣ ካርቡራተር አይነካህም» ሊላችሁ ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ከጄሪካን የመጣ አሸዋ፣ የታንክ ዝገት፣ የላስቲክ ፍርፋሪ ይይዛል። ሙጫን ግን አይከላከልም፤ ሙጫው የሚፈጠረው ቤንዚኑ ፊልትሮውን ካለፈ በኋላ፣ እዚያው ኩባያው ውስጥ ነውና። የመኪና ፊልትሮም አትግዙ። እሱ በፓምፕ ለሚገፋ ነዳጅ የተሠራ ነው። የጀነሬተር ቤንዚን ግን ከላይ ወደ ታች በክብደቱ ብቻ ስለሚወርድ ሊታፈን ይችላል። በጄሪካን እየቀዳችሁ ማሳ ላይ የውሃ ፓምፕ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ለናንተ ፊልትሮ የግድ ነው።

የካርቡራተር ስፕሬይ መድኃኒት እንጂ መከላከያ አይደለም። ከተደፈነ በኋላ፣ ጂግለሩ ተፈትቶ፣ ሞተሩ በርዶ ይነፋል። ላስቲኮቹን ቀድማችሁ አውጡ፤ ያሳብጣቸዋል። ቀዳዳዋን በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ናሱ ከሰፋ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል። ነፍታችሁ ወደ ፀሐይ አንሱና እዩ። ብርሃኑ ክብ ሆኖ ካልታየ ገና ነው።

የሐረር ሰው ሌላ ሒሳብ አለበት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 አካባቢ። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ላይ ቤንዚን ይበዛል፤ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል። ይህን ማቆያም ስፕሬይም አይፈታውም። ሆንዳ በመመሪያዎቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ካርቡራተሩ ለከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል። ተስተካክሎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል ይላል። ሐረር ላይ ሲደመር ከአምስት አንድ እጅ ይሆናል። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ ላለ ሱቅ 2 ኪሎዋት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በትክክል 2 የሚል ጀነሬተር አትግዙ፤ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ሻጩንም ለከፍታ የሚሆን ጂግለር እንዳለው ጠይቁት። ካለው ከማቆያው በፊት እሱን ግዙ።