ለጓሮ ባቡር ፎቶ የገዛሁት የካሜራ ማቆሚያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የካሜራ ዕቃ መደብር የገዛሁትን ባለሦስት እግር ማቆሚያ የሞከርኩት ኮምቦልቻ የሚኖር ወዳጄ በጓሮው በዘረጋው የሞዴል ባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱ ኤልጂቢ የተባለው የጓሮ ሞዴል ባቡር መለያ ሥሪት ሲሆን በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በ1፡22.5 ምጣኔ (ሞዴሉ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ሲያንስ) ሲሰላ ባለ አንድ ሜትር ስፋት ከነበረው ከቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር ይገጥማል።

የማቆሚያው ትልቅ ጉድለት ዝቅ አለማለቱ ነው። በዚህ ምጣኔ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሚሆን፣ ባቡሩ እውነተኛ እንዲመስል ሌንሱም በዚያው ከፍታ ሊቀመጥ ሲገባው፣ ማቆሚያው እግሮቹ እስከ መጨረሻው ተከፍተውም ከ20 ሳንቲ ሜትር አይወርድም፤ ያ ደግሞ እውነተኛን ባቡር ከቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ እንደማንሳት ነው። የመካከሉን ዘንግ ገልብጦ ካሜራውን ማንጠልጠል ይቻላል፤ ነገር ግን ምስሉን ተዘቅዝቆ ማየት አንገት ያደክማል።

ጥንካሬውን ግን ወድጄዋለሁ። ትንሽ ነገር በቅርብ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ስለሚጠብ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ፣ የሚቀንሰውን ብርሃን ለማካካስ ሹተሩን (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ) ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት ግድ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እየነፈሰም ማቆሚያው አልተነቃነቀም፤ በቆመው ባቡር ጎን ያሉት ብሎኖች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ለሠርግና ለቤተሰብ ፎቶ ይገዛ እላለሁ። ለጓሮ ባቡር ብቻ ለሚፈልገው ግን ጤፍ የተሞላች ትንሽ ከረጢት ከካሜራው ሥር ብትነጠፍ ይበልጥ ትረዳዋለች፤ ዋጋዋም አይጎዳውም።