ፓሌርሞ ለምትሄዱ፦ ባጃጁንም ዓሣውንም ዋጋ ሳትቆርጡ እንዳትነኩ

ሲሲሊ፣ ፓሌርሞ ለመሄድ ትኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታልን፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ሦስት ሆነን ከፍራንክፈርት ሄደን ነበር። ከተማዋ ቆንጆ ናት፤ ተመልሼ እሄዳለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሻንጣችንን ሆቴል አስቀምጠን እንደወጣን፣ በጠራራ ፀሐይ ተበላን።

ኳትሮ ካንቲ የሚባል መስቀለኛ መንገድ አለ፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ፏፏቴና ሐውልት የተደረደረበት፣ ቱሪስት ሁሉ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት። እዚያ ዳር ዳሩን ጌጥ የተንጠለጠለባቸው ባለ ሦስት እግር መኪኖች ይቆማሉ። ስማቸው «አፔ» ነው። እናቴ ገና ስታያቸው «ውይ፣ ባጃጅ እዚህም አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አንዱ ሾፌር ጠጋ ብሎ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስንለው ደረቱን መታ፦ «ሳን ቤኔዴቶ ኢል ሞሮ! የእናንተ ቅዱስ!»

ቅዱሱ እውነት ነው፣ ውሸት አይደለም። ወላጆቹ ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ናቸው፤ እሱ በገዳም ወጥ ቤት ምግብ ሲያበስል ኖሮ በኋላ የገዳሙ አለቃ ሆኗል። በ1589 አርፎ፣ በ1807 ቅዱስ ተባለ። ፓሌርሞዎች ከቅድስት ሮዛሊያ ጋር የከተማቸው ጠባቂ አድርገው ያከብሩታል። ወላጆቹን «ኢትዮጵያውያን» የሚሉ ጽሑፎች አሉ፤ ያኔ አውሮፓ ውስጥ ጥቁር የሆነ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይባል ስለነበር ብዙም አልመካበትም። እናቴ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሾፌሩም አየ። ወደ ቅዱሱ ገዳም እንደሚወስደን፣ ካቴድራሉንና ገበያዎቹንም እንደሚያሳየን ነገረን። «ስንት?» «አሥራ አምስት።» ተሳፈርን።

በካቴድራሉ ፊት አለፍን፣ ቴአትሮ ማሲሞ በሚሉት የኦፔራ ቤት ዞርን፣ ቩቺሪያ ገበያ አፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆመን። ገዳሙስ? «ኪዩዛ፣ ኪዩዛ» ዝግ ነው አለን። ማታ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ስትነግረን፣ የሳንታ ማሪያ ዲ ጄዙ ገዳም ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ ተራራ ሥር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ በሐምሌ 2023 (በእነሱ አቆጣጠር) የሰደድ እሳት በልቶታል። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሾፌራችን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

በመጨረሻ «የዘመዴ ቤት ነው፣ ትኩስ ዓሣ» ብሎ ወደብ አካባቢ ምግብ ቤት በር ላይ አወረደን። ሒሳቡ አርባ አምስት ዩሮ ሆነ። አሥራ አምስቱ ለካ በሰው ነበር።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አትክፈቱት፤ እናቴ ትበላለች።) አስተናጋጁ በበረዶ ላይ የተጋደመ አንድ ትልቅ ዓሣ በትሪ ይዞ መጣ፣ አሳየን፣ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። ሜኑው ላይ 6.50 ይላል። እኔ የታየኝ 6.50 ብቻ ነው፤ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «ኤቶ» የሚል አለ። ኤቶ ማለት መቶ ግራም ነው። ዓሣው ደግሞ ኪሎ ከአራት መቶ። አሥራ አራት ኤቶ፣ 91 ዩሮ።

ዓሣው እስኪደርስ ሳናዝዝ አንድ ሰፊ ሳህን ተቀመጠልን፤ አይብ፣ የአሳማ ሥጋ፣ የተጠበሰ በርበሬ። በረቡዕ! ማንም እጁን አልዘረጋም። «የቤቱ ግብዣ ይሆናል» አለች እህቴ። ሒሳቡ ሲመጣ በእስክሪብቶ የተጫረ ቁራጭ ወረቀት ነው፦ ዓሣ 91፣ ያ ሳህን 36፣ ኮፔርቶ የሚሉት የመቀመጫና የዳቦ ሒሳብ ለሦስት ሰው 9፣ ውሃ 6። ድምር 142።

ለጸብ ተነሥቼ ነበር፤ እናቴ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ፣ «ልጄ፣ በሰው አገር አትጩሂ።» ስለዚህ ቀስ ብዬ አንድ ቃል ብቻ ተናገርኩ፦ «ስኮንትሪኖ።» ሕጋዊ ደረሰኙ ማለት ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ነጋዴ ሳይቆርጥ ማስከፈል አይችልም። ሰውየው ያልነካነውን ሳህን አየ፣ ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ ታትሞ ሲመለስ 36ቱ የለም። 106 ከፍለን ወጣን። ዓሣው ግን በሜኑ ላይ ተጽፏል፤ ለእሱ የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም፣ ጥፋቱ የእኔው ነው።

እንግዲህ ስትሄዱ፦ አፔም ይሁን የፈረስ ጋሪ፣ ቁጥር ሲነግሯችሁ «ኣ ፔርሶና፣ ኦ ኢን ቱቶ?» በሉ፤ በሰው ነው ወይስ በጠቅላላ? የምታዩትን ቦታ፣ የምትቆዩበትን ደቂቃ ስልካችሁ ላይ አስጽፉት። ዓሣ ካማራችሁ ከመጠበሱ በፊት ሚዛን ላይ ይውጣ፣ «ኳንቶ ፔዛ?» ብላችሁ ጠይቁና ሙሉ ዋጋውን ራሱ ይጻፍላችሁ። ያላዘዛችሁት ሳህን ሲመጣ በትሕትና መልሱ። ኮፔርቶ ማጭበርበር አይደለም፣ ልማድ ነው፤ ግን ሜኑው ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ስኮንትሪኖ አንሰጥም ካሉ የፊናንስ ፖሊሱ ስልክ 117 ነው፤ ቁጥሩን መጥራት ብቻውን ብዙ ይሠራል ብላለች ያቺው እንግዳ ተቀባይ።

ደግሞ ለምግብ ብላችሁ ወደብ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ጠዋት ባላሮ ገበያ ግቡ። ፓኔሌ የሚሉት አለ፦ የሽምብራ ዱቄት በውሃ ይገነፋል፣ ይዳመጣል፣ ሲረጋ በስሱ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል፣ ሰሊጥ በተነሰነሰበት ዳቦ ውስጥ ይገባል። እናቴ አንድ ጎረሰችና «ይሄማ ሽሮ ነው፣ ቆርጠው ጠበሱት» አለች። ለሦስታችን ዘጠኝ ዩሮ። ጾመኞች ግን መጥበሻው ውስጥ ሌላ ምን እንደሚገባ እዩ፣ በአንድ ዘይት ሁሉንም የሚጠብሱ አሉ። አራንቺና የሚሉት የሩዝ ድቡልቡል ላይም ጠንቀቅ በሉ፦ «አል ቡሮ» ሲባል ቅቤ ብቻ መስሏችሁ እንዳትገዙ፣ ውስጡ ካም፣ ማለት የአሳማ ሥጋ፣ አለበት።

ሐምሌ 7 ማታ፣ በፈረንጅ ጁላይ 14፣ የቅድስት ሮዛሊያ በዓል ነው። በ1624 ከተማዋን ከወረርሽኝ አድናለች ብለው ትልቅ ሠረገላ ከላይ ከካቴድራሉ በኩል እስከ ባሕሩ ይጎትታሉ፣ ሕዝቡ ሐብሐብና የተቀቀለ በቆሎ እየበላ ይከተላል። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ሆቴሉን አሁኑኑ ያዙ።

እናቴ ከጣሊያንኛ የያዘችው ቃል አንድ ነው። በመጨረሻው ቀን ባላሮ ውስጥ የደረቀ ኦሬጋኖ ጨብጣ ሻጩ ፊት ቆመች፣ «ኢን ቱቶ?» አለችው። ሰውየው ሁለት ጣቱን አሳያት።