ፓኬቱ ያው ነው፣ ሽሮው ግን ሌላ ነው፦ የአንድ የታሸገ ምጥን ሽሮ ግምገማ

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ከሚሸጡት የታሸጉ ምጥን ሽሮዎች አንዱን፣ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት ሲበላ የኖረውን፣ እዚህ እገመግማለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው በአንድ ማዕድ ቤት የታየውን እንጂ በላቦራቶሪ የተረጋገጠውን አይደለም። አንባቢ በየቤቱ ያለውን ፓኬት አዙሮ ቢያነብ የእኔን ትዝብት ከራሱ ጋር ሊያመሳክር ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ የድርጅት ስም አያስፈልገውም።

የባልትና ውጤት በፋብሪካ ታሽጎ መሸጡን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ሽምብራ ለቅሞ፣ አምሶ፣ ከክቶና አበጥሮ፣ በኮረሪማና በበሶብላ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በነጭና በጥቁር አዝሙድ መጥኖ፣ አድርቆ ወፍጮ ቤት ማድረስ የቀናት ሥራ ነው። ግቢና ፀሐይም ይፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖርና ከሥራ አምሽቶ የሚገባ ሰው ሁለቱንም እንደልቡ አያገኝም። ይህ ሽሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንን ድካም በሚገባ ተክቶ ነበር። ፓኬቱ ገና ሲቀደድ ኮረሪማው ያውድ ነበር፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ነበር፣ ጥቂቱ ዱቄት ብዙ ውሃ ያነሳ ነበር፤ እናቶቻችን «በረከት አለው» የሚሉት ዓይነት ሽሮ ነበር ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ የተለወጠው ሚዛኑ ነው። አንድ ኪሎ ይይዝ የነበረው ፓኬት አሁን 850 ግራም ይይዛል። ቁመቱም፣ ስፋቱም፣ ፊቱ ላይ ያለው የሸክላ ድስት ሥዕልም ባለበት ነው፤ ከድስቱ ሥር በጉልህ ይታይ የነበረው «1 ኪሎ ግራም» የሚለው ጽሑፍ ግን ከፊት ጠፍቶ፣ ከጀርባ፣ ከባር ኮዱ በታች፣ በደቃቅ ፊደል «የተጣራ ክብደት 850 ግ.» ተብሎ ሰፍሯል። የፓኬቱ ዋጋ ሳይነካ ቢቆይ እንኳ ሚዛኑ በ15 በመቶ ሲቀንስ የኪሎው ዋጋ በ17.6 በመቶ ይጨምራል፤ ዋጋውም ሳይነካ አልቆየም። ያም ሆኖ ከለውጦቹ ሁሉ ይቅር ለማለት የሚቀለው ይኸኛው ነው። የትም ይሁን የት ተጽፏል፤ በሚዛን ሳየውም የተጻፈው ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሚያሳስበው የይዘት ዝርዝሩ ነው። የድሮው ፓኬት «ሽምብራ፣ አተር፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድ» ይል ነበር። የአሁኑ «ጥራጥሬ፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ቅመማ ቅመም» ብሎ ያበቃል። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን ለታሸጉ ምግቦች ገላጭ ጽሑፍ ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ ይዘቶች የሚዘረዘሩት በምርቱ ውስጥ ባላቸው ክብደት ቅደም ተከተል፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። አምራቹ ይህንን ሥርዓት ጠብቆ ጽፎ ከሆነ፣ በአዲሱ ሽሮ ውስጥ ከበርበሬው ይልቅ ጨው ይበልጣል ማለት ነው። በርበሬ ምን ያህል እንደተወደደ፣ ጨው ደግሞ ምን ያህል ርካሽና በሚዛን ከባድ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ የሁለቱ ቃላት ቦታ መለዋወጥ ብዙ ይነግረዋል። ምላስም ይመሰክራል፤ ቀድሞ ሽሮው ሊወርድ ሲል ጨው እንጨምርበት ነበር፣ አሁን ሳንጨምርበትም ጨው ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ሽሮ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚቀርብበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ መጠኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ፓኬቱ ላይ አልተጻፈምና።

«ጥራጥሬ» የሚለውም እንዲሁ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ሽምብራ ጥራጥሬ ነው፤ ባቄላም፣ አተርም፣ ምስርም፣ ጓያም ጥራጥሬ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ አይደለም። አምራቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሸጋገር፣ ወይም ገበያው እንደፈቀደለት በየወሩ ቢቀያይር፣ ጽሑፉን መለወጥ አይጠበቅበትም። ጓያን ለይቼ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ምክንያት እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም በእኛው አገር በደምቢያና በፎገራ አካባቢዎች በሐኪሞች ተጠንቶ የተመዘገበ ነው። አምራቹ ጓያ ጨምሯል እያልኩ አይደለም። አለመጨመሩን ግን ፓኬቱ አይነግረኝም፤ የቀድሞው ፓኬት ይነግረኝ ነበር።

በዚህ ላይ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የዚሁ አምራች የውጭ ገበያ ፓኬት ጀርባውን ፎቶ አንስታ ልካልኝ አየሁት። እዚያኛው ላይ ሽምብራውም አተሩም በየስማቸው ተጽፈዋል፣ በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየሙም መጠን በሚሊ ግራም ሰፍሯል፤ የአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ ይዘት በሚታወቅበት ስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳልና። (ቅመሙን በጥቅሉ «ቅመማ ቅመም» ብሎ ማለፍ እዚያም ይፈቀዳል።) እንግዲህ አምራቹ መዘርዘሩን ያውቅበታል፤ የሚዘረዝረው ግን ለሚያስገድደው ብቻ ነው።

ወደ ምድጃው እንምጣ። ደህና ምጥን ሽሮ በተቁላላ ሽንኩርትና በፈላ ውሃ ላይ ሲበተን ቀጠን ብሎ ይጀምርና ቀስ በቀስ እየተንተከተከ ይወፍራል፤ ሲበስል ዘይቱ ላዩ ላይ ይወጣል፤ የጥሬ ሽታውም ጠፍቶ የታመሰው እህልና የቅመሙ ሽታ ይቀራል። የአሁኑ ሽሮ ከዚህ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ዱቄቱ ውሃው ላይ እንደወደቀ ወዲያው ይቋጠራል፣ ሲበስልም እንደ አጥሚት ይለጠጣል፤ ይህ ጠባይ የሽምብራ ሳይሆን የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት ጠባይ ይመስለኛል፤ ከዚህ አልፌ ግን ነው ለማለት አልደፍርም። ዘይቱ አይወጣም፤ ብዙ ጊዜ ተጥዶም ዘይቱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በጣት ሲታሽ ደግሞ ይኮሰኩሳል፤ ይህንን ለማጣራት አንድ ማንኪያ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ባስቀምጠው፣ ላዩ ላይ ቡናማ የገለባ ስብርባሪ ተንሳፎ ታየ። እህሉ በደንብ ሳይከካና ሳይበጠር ከነገለባው ተፈጭቷል ማለት ነው። ገለባ ጤናን አይጎዳም፤ ነገር ግን ክኩ ከተበጠረ በኋላ ሊጣል የሚገባው ክፍል በኪሎ ሒሳብ ተሸጦልኛል። ሽሮ ውስጥ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዱቄት መቀላቀሉን በአዮዲን ጠብታ መፈተን ይቻላል የሚሉም አሉ፤ አያዋጣም፤ ሽምብራና አተር ራሳቸው ስታርች ስላላቸው ንጹሑም ሽሮ ከአዮዲን ጋር ይጠቁራል።

ለአምራቹ የሚነገርለትም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚገባ ጥሬ ዕቃ የሚሠራው የማሸጊያ ፕላስቲክም፣ የማሽን መለዋወጫውም፣ ነዳጁም ተወድዷል። ዋጋ ቢጨምር አላዝንበትም፤ ጤፍም ዘይትም ጨምሯል፣ እኛም እየተነጫነጭን ገዝተናል። ቅር የሚያሰኘው ዋጋውንም ጨምሮ፣ ሚዛኑንም ቀንሶ፣ ይዘቱንም ለውጦ፣ የሸክላ ድስቱን ሥዕል ብቻ እንዳለ ማቆየቱ ነው። ሥዕሉ የድሮውን ሽሮ ያስታውሰናል፤ የምንከፍለውም ለዚያ ትዝታ ሆነ።

ይህ የእኛ አገር አምራቾች ብቻ ጠባይ አይደለም። ቶብለሮን በ2016 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ገበያ የ400 ግራሙን ቸኮሌት ወደ 360 ግራም ሲያወርድ ማሸጊያውን አላሳጠረም፤ ጥርስ በሚመስሉት የቸኮሌቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት አሰፋው። በዚያው አገር ፔንግዊን የተባለው ብስኩት የካካዎ መጠኑ በመቀነሱ በ2025 እ.ኤ.አ. «ቸኮሌት» ከመባል ወርዶ «የቸኮሌት ጣዕም ያለው» ተብሏል፤ የወተት ቸኮሌት ለመባል ቢያንስ 20 በመቶ የካካዎ ይዘት እንዲኖር የእንግሊዝ ደንብ ስለሚጠይቅ አምራቹ መለያውን ከመለወጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ብስኩቱ ሲለወጥ ስሙም ተለወጠ፣ እዚህ ግን ፓኬቱ ፊት ላይ ዛሬም «ምጥን ሽሮ» ነው የሚለው። በፈረንሳይ ካርፉር የተባለው የሱፐርማርኬት ሰንሰለት በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. መጠናቸው ቀንሶ ዋጋቸው ባልቀነሰ 26 ምርቶች መደርደሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ፤ ከነዚህ አንዱ ከ1.5 ሊትር ወደ 1.25 ሊትር የወረደው የሊፕተን ቀዝቃዛ ሻይ ሲሆን፣ በሊትር ሲሰላ ዋጋው በ40 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት ትልልቅ ሱቆች እንዲህ ያለውን ቅነሳ ከምርቱ አጠገብ ለሁለት ወር በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስገድዷል። የእኛዎቹ ሱፐርማርኬቶች ቢያንስ የኪሎውን ዋጋ ከፓኬቱ ዋጋ ጎን ቢጽፉ ማንንም ሳይከሱ ብዙ ሥራ ይሠሩ ነበር።

ሕጉ እኛም ጋ የለም አይባልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግብ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ችግሩ ቁጥጥሩ፣ ተገቢም ነው፣ ዓይኑን የሚጥለው ባዕድ ነገር በተቀላቀለበት በርበሬና ቅቤ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ባለፈበት ዕቃና አምራቹ ባልታወቀ ምርት ላይ መሆኑ ነው። ፈቃድ ያለው፣ አድራሻው የታወቀ፣ ማንንም በአንድ ቀን የማያሳምም ነገር ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚያንስ ምርት በዚህ መካከል ያልፋል። ከፓኬቱ ላይ ባለው ስልክ ደውዬ የሽምብራውን መጠን ብጠይቅ ያነሳችው ሠራተኛ በትሕትና «ፎርሙላው የድርጅቱ ምስጢር ነው» አለችኝ። የቅመሙ ምጣኔ ምስጢር ቢሆን ይገባኛል፤ ሽምብራ መኖር አለመኖሩ ግን እንዴት ምስጢር ይሆናል?

ፍርዴን ላስቀምጥ። ይህ ሽሮ ለተቸኮለበት ቀን፣ በቲማቲምና በቃሪያ ተደግፎ፣ ጨው ሳይነካው ቢሠራ ይበላል፤ ለተጋቢኖ ግን አይሆንም፤ ተጋቢኖ ዘይቱን ካላወጣ ተጋቢኖ አይደለም። አሁን ባለው የኪሎ ዋጋው አልገዛውም። በዚያው ሱፐርማርኬት፣ በታችኛው መደርደሪያ፣ ሥዕል በሌለው ፓኬት የሚሸጥ ያልተመጠነ ነጭ ሽሮ አለ፤ ጀርባው ላይ «ሽምብራ» ብቻ ይላል፤ በኪሎ ሲሰላም ይረክሳል። እሱን ገዝቶ በርበሬና መከለሻ ከታወቀ የባልትና ቤት፣ በአፍንጫ አሽትቶ፣ መውሰድና ለየብቻ መጠቀም በምድጃ ላይ የሚጨምረው ጊዜ እዚህ ግባ አይባልም። አምራቹ የይዘት ዝርዝሩን እንደ ድሮው በየስሙ ጽፎ ቢመልሰው፣ 850 ግራሙንም ወደ ፊት ቢያመጣው፣ ዋጋው ከአሁኑ ቢበልጥም ደግሜ እሞክረዋለሁ።