ጋዝ የሌለው የኤሌክትሪክ ሳይክሌ ከሰባት ወር በኋላ

ባለፈው ማክሰኞ ያየሁትን ባላይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወጥቼ የአንኮበርን መንገድ ይዣለሁ። ጠዋት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከኋላዬ የክትባት አይስ ቦክስ አስሬያለሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን በግ ልከትብ ገጠር እወጣለሁ። ዳገቱን ስጋምስ አንድ የሰፈሬ ልጅ ሳይክሉን አቁሞ ጎንበስ ብሎ አየሁት። የሱ 1000 ዋት ነው፤ እንደ ሞተር ሳይክል በእጅ የሚጠመዘዝ ጋዝ አለው። የኔ 250 ዋት ነው፤ ፔዳል ካልመታሁ ሞተሩ አይነሳም።

ወረድኩና የኋላ ቸርኬው መሃል ያለውን ሞተር ነካሁት። ወዲያው እጄን ሰበሰብኩ። እንደ ምጣድ ግሏል። የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል።

«ዶክተር፣ የእርስዎ እንዴት ወጣ?» አለኝ።

እንዲቀዘቅዝ ጊዜ ስጠው አልኩትና እዚያው ቆመን አስረዳሁት። እኔም ግንቦት ላይ የሱን ዓይነት ልገዛ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አዲስ አበባ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሻጭ ሲያግባባኝ «ጋሼ፣ 250 እኮ ለሜዳ ነው» አለኝ። «ደብረ ብርሃን ነው ያሉኝ? በፍጹም አይወጣልዎትም። 1000ውን ይውሰዱ፤ ጋዙን ጠምዘዝ አድርገው ቁጭ ብለው ይሂዱ።» ሻጩ ክፉ አልነበረም። ግን ከ«ዋት» ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሞተሩ የት ጋ እንደተገጠመ አንዴም አላነሳም።

ዛሬ ባገኘው ወረቀት አውጥቼ ሂሳቡን እሠራለት ነበር። እኔ 66 ኪሎ ነኝ። ሳይክሉ 24። አይስ ቦክሱና ቦርሳው 10። ድምር 100 ኪሎ። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ ይህን ሸክም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለማውጣት 220 ዋት ገደማ ይበቃል። የጎማውንና የነፋሱን ጨምርበት፣ 250 ቢደርስ ነው። በዚያ ላይ እግሬ አለ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የማይወጣው?

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የልጁ ሞተር ያለው ቸርኬው ውስጥ ነው። ዳገት ላይ ቸርኬው ቀስ ሲል ሞተሩም አብሮ ቀስ ይላል። የሳይክሉ ማርሽ አይረዳውም። ጋዙን በጠመዘዝክ ቁጥር ከባትሪው የሚመጣው ኃይል ብዙው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የኔ ሞተር ግን የተገጠመው ፔዳሉ ዘንግ ላይ ነው፤ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በካቴናው ነው። ዳገት ሲመጣ ማርሽ እቀይራለሁ። ቸርኬው ቢያዘግምም ሞተሩ በሚመቸው ፍጥነት ይሽከረከራል። ሰባት ወር ሙሉ ያን ዳገት ስወጣ አንድ ቀን እንኳ አልጋለም።

ሳይክሌ የተሠራው ለአውሮፓ ገበያ ነው። እዚያ ሕጉ ጥብቅ ነው። የሞተሩ መደበኛ ኃይል፣ ማለትም ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው፣ ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም። ሞተሩ የሚያግዘው ፔዳል ሲመታ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን ያቆማል። ከዚያ ካለፈ በሕግ ዓይን ሳይክል መሆኑ ይቀራል፤ ታርጋና ኢንሹራንስ ይከተላል። አሜሪካ ላላ ይላል። ብዙ ግዛቶች እስከ 750 ዋት ይፈቅዳሉ፤ ጋዝ ላለው ደግሞ ፍጥነቱን በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይገድባሉ። ስገዛ ይህ ገደብ ጉድለት መስሎኝ ነበር። አሁን እንደ ጥራት ማረጋገጫ ነው የማየው። 250 ዋት ብቻ የተፈቀደለት ሠሪ ያችኑ 250 በደንብ እንድትሠራ አድርጎ ከመሥራት ሌላ ምርጫ የለውም።

ተለጣፊውን ብቻ አይታችሁ ግን እንዳታምኑ። «250 ዋት» ተለጥፎበት ሌላ ሆኖ የሚገኝ አለ። ኮንትሮለሩ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን ላይ፣ የተጻፈውን አምፔር አንብቡና በባትሪው ቮልት አባዙት። የኔ 36 ቮልት በ15 አምፔር ነው፣ 540 ይመጣል። ይህ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ሲጨነቅ የሚስበው ነው፤ ያለ ነገር ነው። 48 ቮልት በ25 አምፔር ሆኖ 250 የሚል ከሆነ ግን 1200 ዋት ነው፤ እየዋሿችሁ ነው።

ባትሪዬ 36 ቮልት፣ 14 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 504 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው። በደህናው ጊዜ 45 ኪሎ ሜትር ይወስደኛል። ከኅዳር ወዲህ ግን ወደ 38 ወርዷል። ብርዱ ነው። የደብረ ብርሃንን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። ሊትየም ባትሪ በውርጭ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል። ስለዚህ ማታ ፈትቼ ቤት አስገባዋለሁ፤ ሲሞቅ ነው የምሰካው። የልጁ ባትሪ ከኔ ይበልጣል፣ 624 ዋት ሰዓት ነው። ጋዙን ሙሉ ከጠመዘዘው ግን 40 ደቂቃ አይሞላም።

ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማው ደህና ናቸው። ክረምት ላይ ጥቁሩ ጭቃ ፓራፋንጎው ሥር እየተጠቀጠቀ አስቸግሮኝ ነበር፤ በእንጨት እየጫርኩ አለፍኩት።

የሚያናድደኝ ካቴናው ነው። የሞተሩም የእግሬም ጉልበት በሱ ላይ ስለሚያልፍ ቶሎ ያልቃል። በሰባት ወር ሁለት ጨርሻለሁ። እዚህ ከተማ ያለው ለተራ ሳይክል የሚሆነው ወፍራሙ ነው። የኔ ባለ 9 ማርሽ ስለሆነ ቀጭኑን ይፈልጋል። ሻጩ ይህንን ነበር ሊነግረኝ የሚገባው! «አይወጣልዎትም» ከሚለኝ «ሁለት ካቴና ደርበው ይግዙ» ቢለኝ እስከ ዛሬ አመሰግነው ነበር። እናንተ የምትገዙ ከሆነ ደርባችሁ ግዙ።

እንደዚያም ሆኖ አልለውጠውም። አንድ ቀን ትራፊክ አስቁሞኝ ጋዙን ፈለገ። መሪውን በግራም በቀኝም ነካካ። ከዚያ ፔዳሉን አየና «ሳይክል ነው በቃ፣ ሂድ» አለኝ።

የሰፈሬ ልጅ ትናንት ማታ ቤት መጣ። ሞተሩ አልተቃጠለም፤ ኮንትሮለሩ ነው የሄደው። ሸጦ የኔን ዓይነት መግዛት ይፈልጋል። ቅዳሜ አብረን አዲስ አበባ እንወርዳለን። እኔ ካቴና እገዛለሁ፣ እሱ ኮንትሮለሩን ያነባል።